ያላዩት ተራራ

ከአራት ኪሎ ተነስቶ ቀበናን ተሻግሮ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ «እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ሳይሰማበት የሚያልፍ ታክሲ ጥቂት ነው። የወረደው ሰው ረጅም አጥር ያያል፤ ከአጥሩ በላይ የዛፍ ጫፍ፣ ከዛፉ በላይ ደግሞ ሰሜኑን ሁሉ የዘጋውን የእንጦጦን ሰንሰለት። በዚያ ግቢ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ፣ በ1910 አንድ ልጅ ተወለደ። አድጎም በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የጉዞ መጻሕፍት ሁሉ ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው አንዱን ጻፈ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከልጁ መወለድ በፊት ያለው ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ደራስያን ይህን አገር ሳይረግጡ፣ የአገሩን ተራራ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጽፈውበታል። መምህራን የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ በዘመን ሲከፍሉ መካከለኛው ዘመን፣ ህዳሴ፣ የአመክንዮ ዘመን፣ ሮማንቲክ፣ ቪክቶሪያዊ፣ ዘመናዊ ይላሉ። በእያንዳንዱ ዘመን ጥግ ላይ የኢትዮጵያ ተራራ ቆሞ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ዘመንም ለራሱ የጎደለውን ከዚያ ተራራ ላይ ለማግኘት ሞክሯል። ታሪኩን ያ ግቢ ካለበት ከየካ ሆኜ፣ ከመጀመሪያው ልተርከው። ዓመቶቹ፣ ከዓመት ጋር የተጠቀሱት ወሮችና ቀኖችም፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ አንድ ደብዳቤ በአውሮፓ ቤተ መንግሥታትና ገዳማት ተሰራጨ። ላኪው ቄስ ዮሐንስ የሚባል፣ ከእስላሞች አገር ባሻገር የሚኖር ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ ነው ተባለ። ደብዳቤው ሐሰተኛ ነበር። አውሮፓውያን ግን አመኑት፤ ንጉሡን በእስያ ፈልገው ሲያጡት ከአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት። በዚያው ክፍለ ዘመን ሰር ጆን ማንደቪል በሚል ስም የተጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ወጣ፤ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶም ብዙ ተነበበ። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ባለ አንድ እግር ሰዎች እንዳሉ፣ እግራቸውም ከመስፋቱ የተነሳ ሲተኙ ለፀሐይ ጥላ እንደሚያደርጉት ይተርካል።

በዚህ ጊዜ እኛ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር? ክብረ ነገሥት በግዕዝ ተጽፏል። በየካ ተራራ ላይ ዛሬ ዋሻ ሚካኤል የምንለው፣ በመካከለኛው ዘመን እንደ ተፈለፈለ ብዙ ሊቃውንት የሚናገሩለት ቤተ ክርስቲያን ከአለቱ ወጥቷል። ሌላም አለ። ጄፍሪ ቾሰር የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱ ላቲን በሆነበት አገር፣ ገበያተኛው በሚናገረው እንግሊዝኛ መጻፍ መረጠ። በ1400 ሲሞት ለቋንቋው መሠረት ጥሎ ነው የሄደው። በእኛም አገር መጽሐፉ ሁሉ ግዕዝ በነበረበት በዚያ ዘመን ከዓፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ ለነገሥታቱ የተዘፈኑ የአማርኛ ግጥሞች በብራና ተጽፈው ደርሰውናል። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ፣ ሁለቱም የሕዝባቸውን አፍ ወደ ብራና የማምጣት ሥራ ጀምረው ነበር። በትምህርት ቤት ይህን ያነጻጸረልኝ መምህር አልገጠመኝም፤ ብዙ ጊዜ ግን አስበዋለሁ።

ከዚያ እውነተኛ ዓይን መጣ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሩ ዞረ፤ ያየውና የሰማውም በ1540 ታተመ። ከጻፋቸው ነገሮች መካከል የአውሮፓን ልብ የሰቀለው የአምባ ግሸን ወሬ ነው። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉበት፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው የወሎ አምባ ያኔ የነገሥታቱ ወንድ ልጆችና ዘመዶች በዘብ የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። ዙፋን ላይ የተቀመጠው ወንድሞቹ እንዳይነሱበት ወደ አምባው ያወጣቸዋል፤ ሲሞት ተተኪው ከዚያ ይወርዳል። አልቫሬዝ ጥበቃው ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ጽፏል። ወሬው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጭካኔው እየቀረ ውበቱ ተጨመረበት። በ1613 ሳሙኤል ፐርቻስ የተባለው የእንግሊዝ ቄስ የዓለምን ወሬ በሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፉ ላይ አምባው ቤተ መንግሥት፣ የአትክልት ቦታና ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ያለበት ስፍራ ሆኖ ቀረበ። ስሙም «የአማራ ተራራ» ተባለ። መስፍኑ ሲታሰር የሚያለቅስበት አምባ ለንደን ሲደርስ ገነት ሆነ።

ሼክስፒር በዚህ ዘመን ነው የኖረው። ኢትዮጵያን በስም የሚጠራት እንደ ጌጥ ነው፤ ሮሜዎ ዡልየትን መጀመሪያ ባየባት ሌሊት ለውበቷ ምሳሌ ሲፈልግ አንደበቱ የኢትዮጵያዊ ጆሮ ላይ ወዳለ ዕንቁ ይሄዳል። ከዚህ በላይ አይሄድም። ጆን ሚልተን ግን ተራራውን በስሙ አነሳው። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እያስጻፈ ጨርሶ በ1667 ባሳተመው ስለ ገነት መጥፋት በሚናገረው ታላቅ ግጥሙ፣ የኤደንን ውበት ለማሳየት የምድርን ውብ ስፍራዎች ይደረድራል። ከነዚህ አንዱ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት የአማራ ተራራ ነው። አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እዚያ ነች ብለው እንደገመቱ ያነሳል፤ ኤደን ግን ከዚያ ትልቃለች ብሎ ያልፋል። ለሚልተን ተራራው የውበት ሚዛን ነበር፤ ገነትን ያህል ነገር የሚመዝንበት።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የአመክንዮ ሰዎች ተነሱ፤ እነርሱ ተረት አልወደዱም። በ1735 ሳሙኤል ጆንሰን የተባለ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው ድሃ ወጣት፣ በኢትዮጵያ ከ1625 እስከ 1634 የኖረውን የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በርሚንግሃም ሆኖ፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ለጓደኛው እያስጻፈ ነው የጨረሰው፤ አምስት ጊኒ ተከፈለው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ይህ ነው። በኋላ ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው፣ የዘመኑ የሥነ ጽሑፍ ዳኛ የሆነው ሰው ብዕሩን ያሟሸው በኢትዮጵያ ወሬ ነው ማለት ነው። በመቅድሙም ሎቦን ያመሰገነው ተአምር ባለመፈብረኩ፣ ሰው በየትም አገር በጎነትና ክፋት ተደባልቆበት እንደሚገኝ በማሳየቱ ነው። ከባለ አንድ እግሮቹ ሰዎች እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ያስተውሉልኝ።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1759 መጀመሪያ፣ የጆንሰን እናት ሞተች። ለቀብሯ ወጪና ለትንሽ ዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውምና በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጦ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። መቶ ፓውንድ አገኘበት፤ ለሁለተኛው እትም ሃያ አምስት ተጨመረለት። ታሪኩ የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ስለሆነው ስለ ራሴላስ ነው። ስሙን ከሎቦ መጽሐፍ፣ ከዓፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንዳገኘው ይታመናል። ራሴላስ በአማራ ምድር፣ በተራሮች በተከበበ ደስታ በሞላበት ሸለቆ ይኖራል። የጎደለው ነገር የለም፤ ደስታ ግን የለውም። ከእህቱና ከባለቅኔው አማካሪው ጋር ተራራውን ፈልፍለው ወጥተው ካይሮ ይወርዳሉ፣ ደስተኛ ሰው ይፈልጋሉ፣ አያገኙም። ባለጸጋውም፣ መናኙም፣ ሊቁም፣ ባለትዳሩም የየራሱ ጉድለት አለበት። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ለመመለስ ይወስናሉ።

ጆንሰን የሚልተንን ገነት ወስዶ ውስጡ ሰው አስገባበት፤ ሰውየው ደግሞ መውጣት ፈለገ። ለእኔ ከእንግሊዞቹ ሁሉ ተራራውን ሳያየው ለእውነቱ የቀረበ እርሱ ነው። ጆንሰን ይህን በሚጽፍበት ዓመት ጎንደር ላይ ዓፄ ኢዮአስ በእቴጌ ምንትዋብ ሞግዚትነት ነግሦ ነበር፤ የነገሥታቱ ዘሮችም በወኅኒ አምባ ላይ በእውነት ታስረው ነበር። የእነርሱም ልብ ራሴላስ የተመኘውን ተመኝቶ ይሆናል።

ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ስኮትላንዳዊ በእግሩ መጣ። ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ግሽ ዓባይ ደረሰ። አገሩ ሲመለስ ግን የተናገረውን ብዙ ሰው አላመነውም፤ ከተጠራጠሩት አንዱ ጆንሰን ራሱ ነው። ብሩስ አኩርፎ ቆየና በ1790 አምስት ትልልቅ ቅጽ አሳተመ። ከኢትዮጵያ ካወጣቸው ብራናዎች መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠፋ የመሰላትን መጽሐፍ የእኛ ደብተራዎች ሙሉውን በግዕዝ ጠብቀው አቆይተውት ኖሯል። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የሮማንቲክ ዘመን ደራስያን አገኙት። ባይረን ስለ ወደቁት መላእክትና ስለ ሰዎች ሴት ልጆች በጻፈው ድራማ ላይ ኢትዮጵያውያን የጠበቁትን ይህን መጽሐፍ በማስታወሻ ጠቅሶታል፤ ዊልያም ብሌክ ደግሞ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ለመጽሐፉ ሥዕሎችን መንደፍ ጀመረ። እዚህ ላይ የወሬው አቅጣጫ ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ እንግሊዞች ስለ እኛ ይጽፉ ነበር፤ አሁን እኛ የጻፍነውን ማንበብ ጀመሩ።

ከሁሉ የታወቀው ግን አንድ አጭር ግጥም ነው። በ1797 ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በእንግሊዝ ምዕራብ በአንድ የገበሬ ቤት ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ የፐርቻስን መጽሐፍ እያነበበ ኦፒየም ወስዶ አንቀላፋ። በሕልሙ የመጣለትን ግጥም ሲነቃ መጻፍ ጀመረ፤ በር ተንኳኳ፣ እንግዳ መጣ፣ ቀሪው ጠፋ። በ1816 ያለቀውን ያህል አሳተመው። ግጥሙ ስለ ሞንጎሉ ንጉሥ ስለ ኩብላይ ቤተ መንግሥት ይጀምርና በመካከሉ አንዲት ሐበሻ ልጃገረድ በአውታር መሣሪያ ታጅባ ስለ አንድ ተራራ ስትዘፍን ገጣሚው ያያታል። ዜማዋን መልሶ ቢያገኘው ያን ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እንደሚገነባ ይናገራል። በታተመው ግጥም የተራራው ስም አቦራ ነው። በኮልሪጅ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን የሠፈረው አማራ ነው። ለምን እንደለወጠው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ልጅቱ ስም የላትም፤ ንግግር የላትም፤ የምትዘፍነው ስለ ተራራዋ ብቻ ነው። ሙሉ ዘመን በአንድ ስሟ ባልተጠራ ኢትዮጵያዊት ድምፅ ላይ ተንጠለጠለ ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ የሮማንቲኮቹ ጥማት ሁሉ፣ የጠፋን ዜማ መልሶ ማግኘት፣ በእርሷ አውታር ላይ ነው ያለው።

የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች ወደ ተራራው በመድፍ መጡ። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉና ሚስዮናውያኑ ታሰሩ፤ የጄኔራል ናፒዬር ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ጦሩ በአሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ የጫነውን ምርኮ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከጦሩ ጋር የመጣው ጋዜጠኛ ጆርጅ ሄንቲ የዘመቻውን ታሪክ ጻፈ፤ በኋላም ለእንግሊዝ ወንዶች ልጆች የጦርነት ልብ ወለድ በመጻፍ ትውልድ ያሳደገ ደራሲ ሆነ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ተወስዶ በዋይት ደሴት ሲቀመጥ የገጣሚው የቴኒሰን ጎረቤት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሳችው። ያ ፎቶ ዛሬም ሲታይ ያማል፤ የልጁ ዓይን የትም አይመለከትም። በ1879 አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ከብራናዎቹ አንዱ ተመልሷል። ዓፄ ዮሐንስ በ1872 ለእንግሊዝ ጽፈው የክብረ ነገሥትን መጽሐፍ ጠየቁ፤ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዘኝም ብለው። ሙዚየሙ አንድ ቅጂ ላከላቸው። ሌላው አብዛኛው እዚያው እንግሊዝ ነው።

ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርዱ ታሪኩም ወደ የካ ይገባል። ንጉሡ በእንጦጦ ማርያም በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተቀቡ፤ ከዚያ በፊት እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃውን ወድደው ከተማዪቱን አዲስ አበባ ብለዋታል። እንጦጦ ብርድ ነበረው፤ እንጨቱም አልቆ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ሲልኩ ምኒልክ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ለየለጋሲዮኑ መሬት ሰጡ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያ ለጋሲዮኖች እዚያው አካባቢ ሰፈሩ። «ፈረንሳይ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እንግሊዞች መጀመሪያ የኖሩት በጭቃ በተመረጉ ክብ ጎጆዎች ነው፤ የድንጋዩ ቤት ቆይቶ ነው የተሠራው።

በነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ሰኔ 3 ቀን 1910 ዊልፍሬድ ቴሲገር ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበር። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን ከአደጋ እንዲድን እዚሁ ግቢ ውስጥ ተሸሸገ። ከሰገሌ ጦርነት የተመለሰው ድል አድራጊ ሠራዊት አዲስ አበባ ሲገባ የስድስት ዓመቱ ቴሲገር በዓይኑ አየ፤ ሕይወቱን የመራው ያ ቀን እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። የእንጦጦን ዳገት በፈረስ የወጣ ልጅ ከለንደን ሳሎን ጋር ሊስማማ አልቻለም። በአፋር በረሃ ተጓዘ፣ በ1941 ከአርበኞች ጋር ጎጃም ዘመተ፣ የዓረቢያን ባዶ ሩብ አቋረጠ፤ በ1959 የወጣው የዓረቢያ አሸዋ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ የጉዞ ጽሑፍ ዘንድ ከሁሉ የላቁት ከሚባሉት ተቆጠረ። በ1987 የጻፈውን የሕይወት ታሪኩን ለዓፄ ኃይለ ሥላሴ መታሰቢያ አበረከተው። ተራራውን ከሚልተን ጀምሮ ያሰቡት ሁሉ ከሩቅ ነበር፤ ቴሲገር ከሥሩ ተወለደ።

በ1930 የዓፄ ኃይለ ሥላሴን በዓለ ንግሥ ሊዘግብ የመጣው ኢቭሊን ዎ ግን ሌላ ሰው ነው። ዎ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የማዋቀር ተሰጥኦው ወደር የሌለው ደራሲ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። የካ ያለውን ለጋሲዮን፣ ወደ ከተማው የሚያደርሰውን አስቸጋሪ መንገድና በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች በ1932 ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ ምናባዊ በሆነ የአፍሪካ አገር ስም አላገጠባቸው። ያላገጠው ግን በገዛ ወገኖቹ ብቻ አልነበረም፤ አገሩንና ሕዝቡንም በንቀት ነው ያየው። በ1935 ለጦርነቱ ዘገባ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣው መጽሐፉ የጣሊያንን ወረራ ደገፈ። የካቲት 12 አዲስ አበባ በደም ስትታጠብ መጽሐፉ ገና ገበያ ላይ ነበር። ተሰጥኦ ለማየት እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ቴሲገር በበዓለ ንግሡ ሰሞን ዎን አግኝቶት ነበር፤ አልወደደውም።

በዚያው ጦርነት መካከል ሌላ ብዕር ነበር። የታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጎን ሆኖ የመርዝ ጋዙን ጉዳት ጻፈ። በግንቦት 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ከተማው በዘረፋ ተናወጠ፤ የብዙ አገር ዜጎች ወደ እንግሊዝ ለጋሲዮን ሸሹ፤ ስቲርም በዚያው ግቢ ውስጥ በነዚያ የጭንቅ ቀናት ጋብቻውን ፈጸመ። ጣሊያኖች አባረሩት። በ1940 ወደ ካርቱም ሄዶ ለአርበኞቹ «ባንዲራችን» የተሰኘውን የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ጀመር። አንድ ግቢ፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት ዓይን።

ከድል በኋላ ቋንቋው ራሱ ዳገቱን ወጣ። በ1943 በኮተቤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ ትምህርት ቤት ካለፉት መካከል የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማ ይገኛል። ቅኔ ቤት ያደገ፣ የአባቱን ትዝታ በኋላ በመጽሐፍ ያቆየ ልጅ ከኮተቤ ወደ ለንደን ሄደ፤ እዚያም የእንግሊዝን ኮሜዲ ቀሰመ። ተመልሶ ሲጽፍ ግን የሰጠን የለንደንን ሳሎን አይደለም፤ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ነው። ሁለቱንም ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሳቸው፤ የመጀመሪያው በሲልቪያና በሪቻርድ ፓንክረስት መጽሔት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ወጣ፣ ሁለተኛው በ1970 ለንደን ታተመ። ከኮተቤ የተነሳ ሳቅ በእንግሊዝኛ ተነበበ።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ይጎርፉ ነበር። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ የጆንሰንን ራሴላስ ተረጎመ። ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል፤ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ አማራ ምድርን ካልረገጠ ደራሲ በእንግሊዝኛ የተወለደው መስፍን በመጨረሻ አማርኛ ተናገረ። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን ወደ አማርኛ ግጥም አመጡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ተረጎመ፤ የአማርኛን ስንኝ ክብደት እንዲሸከም አስገደደው፤ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» የሚባል ስልትም አለን። በራሱ እንግሊዝኛም የጻፈው ድራማ በ1965 በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ታትሟል። በደርግ እስር ቤት ደግሞ ነቢይ መኮንን አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው መጽሐፍ ከዚያ ወጣ። ለትርጉም እንዲህ ያለ ፍቅር ያሳየ ትውልድ በሌላ አገር መኖሩን እንጃ።

ከዚያ ተራራው በእንግሊዝኛ በኢትዮጵያዊ እጅ ተጻፈ። በ1973 ዳኛቸው ወርቁ፣ በ«አደፍርስ» የምናውቀው፣ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የተሰኘ ልብ ወለዱን በለንደኑ ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ አሳተመ። ሽማግሌው ፊታውራሪ ወልዱ ታመዋል። ልጃቸው ጎይቶምና እህቱ ወይኒቱ ይዘዋቸው ወደ ዝቋላ አቦ ጠበል ይወጣሉ። ገነት የለም፤ የሚያቃስት አባት፣ የሚጠራጠር ልጅ፣ የሰለቸች እህት፣ ድሃ ገበሬ፣ ብርድ፣ ጭቃ አለ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከእንጦጦ ጫፍ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ዝቋላን ብቻውን ቆሞ ያየዋል። እኔ ዝቋላን ከዚያ ሳየው የሚታወሰኝ ያ በሽተኛ ፊታውራሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1974፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚያው ተከታታይ ቴዎድሮስን በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጻፈው። ሄንቲ ከሠራዊቱ ሰፈር ሆኖ ያየውን ሰው አሁን የአገሩ ልጅ ከውስጥ አየው።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። የተሰደዱት ልጆች እንግሊዝኛን የራሳቸው አደረጉ። ዲናው መንግሥቱ በ2007 በመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዋሽንግተን ሱቅ የከፈተን ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ጻፈ፤ የጋርዲያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማትንም አገኘ። መዓዛ መንግሥቴ በ2019 በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱ ሴቶችን አስነሣች፤ መጽሐፏ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ገባ። ኮልሪጅ ስም ያልሰጣት ልጃገረድ ጠብመንጃ ይዛ ተመለሰች።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1967 ከኢትዮጵያዊት ተማሪ የተወለደ አንድ ሕፃን ከእናቱ ተለይቶ ኖርማን በሚል ስም በማደጎ አደገ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ በኋላ በሕፃናት ማሳደጊያ ተዘዋወረ። ወደ አሥራ ስምንት ዓመቱ ሲጠጋ የልደት ወረቀቱን አገኘ፤ ስሙም እናቱ ያወጣችለት ለምን ሲሳይ እንደሆነ አነበበ። ገጣሚ ሆነ፤ የለንደን ኦሎምፒክ ገጣሚ፣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ። በ2019 የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ አሳተመ። እንግሊዛዊው አንባቢ በርዕሱ ላይ ጥያቄ ያያል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን ርዕሱን ለመመለስ ብዙ አይደክምም፤ ስሜ ለምን ነው።